የተወተፈችው ቱቦ

አታምኑኝም እንጂ፣ እናቴ ትሙት፣ ሞተር ሳይክል ሲያስነጥስ በዓይኔ አይቻለሁ! ከሦስት የሞቱ ሞተሮች ለቅሜ የገጣጠምኳት ሞተሬ ወደ ኋላ በዞረች ቀጭን ቱቦ ዘይት ታንጠባጥብ ነበር፤ መቀሌን በሙሉ ቀብታ ልትጨርስ ምንም አልቀራት። እኔ ሊቁ ቱቦዋን በእንጨት ውታፍ ጠርቅሜ፣ በካላማዳሪ ጎማ ጥፍር አድርጌ አሰርኩና "ዳንሽ!" አልኳት። ለካ ሞተር የሚተነፍሰው በዚያች ኖሯል።

በማግስቱ ከሓድነት ሰፈር አንዲት እናት ጫንኩ። የልጃቸው መርዶ ገና ትናንት ደርሷቸው፣ ዓይናለም ሰፈር እህታቸው ቤት ለቅሶ ሊቀመጡ ነው የሚሄዱት። ነጭ ነጠላ ለብሰዋል። ዳገቱን ስንጀምር ውታፉ እንደ ጥይት ተስፈንጥሮ ወጣ፤ የታፈነው ዘይት ሁሉ እሳቸው ላይ! ከትከሻ እስከ እግር ጠቆሩ። አውርጃቸው ሞተሯን ጥዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

"አደይ፣ እናቴ፣ ይርገሙኝ! ይምቱኝ! እንዴት በዚህ ቀን!"

እሳቸው ግን ነጠላቸውን በሁለት ጣት ይዘው አገላብጠው አዩትና፣ "ተነስ ወደይ፣ ተነስ ልጄ" አሉኝ፤ "ከል ማስነከሪያ አጥቼ እኮ ነው በነጭ የወጣሁት።"