ድንጋዩን ማን አዘዘ?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አዲስ አበባ፣ የአንድ ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ፤ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ረድኤት ቦርሳዋን አንግታ፣ ከሌላ ዓለም የመጣው እንግዳ አንድ ድንጋይ ታቅፎ ፊት ለፊት ቆመዋል።

ረድኤት፦ ቻርጀሬን ሳልይዝማ ንቅንቅ አልልም!

እንግዳው፦ እኛ ዘንድ ሶኬት የለም አልኩሽ። ቦርሳውንም አስቀምጪው። የተላክሁት አንቺን ብቻ እንድወስድ ነው።

ረድኤት፦ ሶኬት የለም? ታዲያ በምን ኩራት ነው ከሰማይ ድረስ የመጣኸው? መንኮራኩር ያልካት ነገር ራሷ የውሃ ሮቶ ክዳን ነው የምትመስለው። እኔ ደግሞ ከሌላ ዓለም ሰው መጣልኝ ብዬ ፀጉሬን ሁሉ አስተካክዬ!

እንግዳው፦ ሮቶ ባታነሺ ይሻልሻል። ጣሪያ ላይ ባዶ ሮቶ ደርድራችሁ ታች በጀሪካን ውሃ የምታመላልሱ ፍጡራን ናችሁ። አርባ ዓለም ዞሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም። ደግሞ እናትሽ ከታች እየጠሩሽ ነው።

ረድኤት፦ ትጥራ! አቤት አልላትም። ከዛሬ ጀምሮ አቤት የሚላት ልጅ የላትም።

እንግዳው፦ ጠቡ በውሃ ምክንያት እንደሆነ ተመዝግቧል።

ረድኤት፦ በምን ሊሆን ነበር! ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የምትመጣው። ዛሬ መጣች፣ እኔ ስልኬ ላይ ነበርኩ፣ ሄደች። አንድም ባልዲ አልሞላሁም። በቃ፣ እማዬ ሰው የገደልኩ ነው ያስመሰለችው።

እንግዳው፦ ልክ ነው። ከጧቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ እናትሽ ወይዘሮ አስካለ ደረጃው ላይ ቆመው፣ ጎረቤት እየሰማ፣ «ምነው ይቺን ልጅ ወስዶ የሚገላግለኝ ባገኘሁ!» ብለዋል። ይኸው ተገኘን።

ረድኤት፦ አየህ? በጎረቤት ፊት እኮ ነው! ሁሉም በሩን ገርበብ አድርጎ ነው ያዳመጠው። እንሂድ በቃ። ከእኔ ባልዲው ከበለጠባት ባልዲዋን ታሳድግ።

እንግዳው፦ ባልዲ አላዘዙም። ያዘዙት ድንጋይ ነው።

ረድኤት፦ ምን?

እንግዳው፦ አስከትለው «አንቺን ከምወልድ ድንጋይ ብወልድ ይሻለኝ ነበር» ብለዋል። ይኸው። ከሦስት ዓለም አማርጠን ያመጣነው ነው። ስልክ የለውም፣ አይመልስም፣ ፊቱን አያጠቁርም።

ረድኤት፦ ኪ ኪ ኪ! ይሄንን ነው በእኔ ምትክ የምትሰጣት?

እንግዳው፦ ምን ያስቃል? ጥራቱ ተረጋግጧል።

ረድኤት፦ አንተ ጅል! ያን ሁሉ ጭንቅላት የተሸከምከው ለኮፍያ ነው? ስትናደድ እኮ ነው እንደዚያ ያለችው! የአገሩ እናት ሁሉ ነው እንዲህ የሚለው። ላለው ሁሉ ድንጋይ ብታድል ከተማው የድንጋይ ካባ በሆነ ነበር።

እንግዳው፦ የማይፈልጉትን ነው የሚናገሩት ማለት ነው? ሲናደዱ ይህን ካሉ፣ ሲወዱስ ምን ይላሉ?

ረድኤት፦ ሲወዱማ… «ልሙትልሽ» ይላሉ። «አፈር ልሁንልሽ» ይላሉ።

እንግዳው፦ ሲናደዱ ድንጋይ፣ ሲወዱ አፈር። ወይ አለመታደል! በዚህ አነጋገር ነው እስካሁን የተግባባችሁት? ቆይ፣ መዝገቡን ልይ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ልጅ ታማ በተኛችበት፣ እናት «እኔን ያስቀድመኝ» ብለዋል። አሥራ ሰባት ጊዜ። ይህም ንዴት ነው?

ረድኤት፦ እሱን ተወው።

እንግዳው፦ ልተወው አልችልም፤ በቅጹ ላይ መሞላት አለበት። ንዴት ነው ወይስ የምር?

ረድኤት፦ የምሯን ነዋ! ታይፎይድ ይዞኝ ነበር። ሥራዋን ትታ አሥራ አንድ ቀን ከአጠገቤ አልተነሳችም። በጨርቅ እግሬን እያቀዘቀዘች… ይሄ ደግሞ ይጠየቃል? ምን ዓይነት ደረቅ ነህ!

እንግዳው፦ አመሰግናለሁ። እንግዲያው የዛሬው ጥያቄ የንዴት ስለሆነ ተሰርዟል። የዚያን ጊዜው የምር ስለሆነ ይጸናል። «እኔን ያስቀድመኝ» ማለት ከልጄ በፊት እኔን ውሰዱኝ ማለት ነው። ስለዚህ የምንወስደው እናትሽን ነው። አራተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። እስክመለስ ድንጋዩን ያዢልኝ።

ረድኤት፦ ቁም! ምን አልክ?

እንግዳው፦ ያዢልኝ። ከባድ አይደለም።

ረድኤት፦ አንዲት ደረጃ ብትወርድ እግርህን ነው የምሰብርልህ፤ ሦስቱንም! እማዬን ነው የምትወስደው? ደም ግፊት አለባት እኮ! መድኃኒቷን እንኳ እኔ ካላስታወስኳት አትውጥም። እዚያ ማን ያስታውሳታል፣ አንተ? ይሄ ድንጋይ?

እንግዳው፦ ደንብ ደንብ ነው። ዞር በይልኝ።

ረድኤት፦ አልዞርም! እሷን ከምትነካት እኔን ያስቀድመኝ!

እንግዳው፦ ምን አልሽ?

ረድኤት፦ ምን አልኩ?

እንግዳው፦ «እኔን ያስቀድመኝ» አልሽ። ንዴት ነው ወይስ የምር?

ረድኤት፦ …የምሬን ነው። ከየት እንደመጣ እንጃ። አፌ ላይ ነው ያገኘሁት።

እንግዳው፦ ጉድ ሠራችሁኝ! ሁለታችሁም ልቅደም ካላችሁ ማንን ነው የምወስደው? ቅጹ ላይ የሚሞላበት ቦታ እንኳ የለውም። አለቃዬን ምን ልበለው? ድንጋይ ታቅፌ ሄጄ ድንጋይ ታቅፌ ተመለስኩ?

ረድኤት፦ የፈለግከውን በለው። እስቲ ዝም በል፣ ደረጃው ላይ ሰው አለ።

እንግዳው፦ ወይዘሮ አስካለ ናቸው። እያለከለኩ ነው የሚወጡት። «አንቺ ድንጋይ፣ የት ገባሽ?» ይላሉ። ይኸው! አላልኩሽም? ድንጋዩን እየጠሩት ነው።

ረድኤት፦ እኔን ነው የጠራችው፣ አንተ ጅል! አቤት እማዬ! እንዳትወጪ፣ መጣሁ!