የጋሽ ነገ ልጅ ቀጠሮ

ልብስ ሰፊውን እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው ሰው ሰፈሩ ውስጥ የለም። «ጋሽ ነገ» ነው የሚሉት። ሱሪ ስትሰጠው «ነገ ና» ይልሃል። ነገ ስትሄድ «ነገ» ይልሃል። አንድ ሙሽራ ለሠርጉ ያሰፋውን ኮት የተረከበው የመጀመሪያ ልጁ ስትወለድ ነው ይባላል። ውሸት ቢሆንም ያምርበታል።

እጁ ግን ወርቅ ነው። ችግሩ አፉ ላይ ነው፤ እምቢ ማለት አያውቅም። ጨርቅ ይዞ የመጣን ሁሉ ይቀበላል፤ ሱቁ ውስጥ የተከመረው ልብስ ጣራ ሊነካ ምንም አልቀረው። ባለቤቶቹ ሲመጡ እሱ መጋረጃው ጀርባ እልም ይላል። ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጁ በር ላይ ቆማ «አባዬ የለም» ትላለች። ልጅቱን «ስፒል» ነው የሚሏት፤ ቀጭን ናት፣ ምላሷም ይወጋል።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ አንድ ታክሲ ነጂ ደንበኛው ከሩቅ ሲመጣ ታየው። የሱሪውን ዚፕ ለማስቀየር ከሰጠ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ጋሽ ነገ እንደ ልማዱ መጋረጃው ጀርባ ገባ። ስፒል ግን የለችም። ሰሞኑን «የክበብ ሥራ አለብን» እያለች ከትምህርት ቤት የምትመጣው አምሽታ ነው።

«ጋሼ፣ እግርዎ ከታች ይታያል» አለው ታክሲ ነጂው።

«መርፌ ወድቆብኝ እየፈለግኩ ነው።»

«ቆመው?»

ጋሽ ነገ ጉሮሮውን እየጠረገ ወጣ። «ሱሪህ እኮ ነገ...»

«ልጣላዎት አልመጣሁም። ሱሪዬን እንዳለ ይስጡኝና ልጆቹ ጋ ልውሰደው።»

«የትኞቹ ልጆች?»

«ትምህርት ቤት ያሉት ናቸው። የሚስቴን ቀሚስ እንዲቀመቅሙ ሰጠኋቸው፣ ሰኞ ውሰድ አሉኝ። ሰኞ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ለጠብ ተዘጋጅቼ ሄድኩ። ደርሷል። ቁጣዬን ይዤው ተመለስኩ፤ እስካሁን የማወጣበት ሰው አላገኘሁም።»

የጋሽ ነገ ደም ፈላ። ሠላሳ ዓመት በሠራበት ሰፈር፣ አፍንጫቸውን በቅጡ ያልጠረጉ ልጆች ደንበኛ ሲነጥቁት! ሱሪውን መለሰለትና ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሰውዬውን ተከተለው።

ልጆቹ ያሉት ከትምህርት ቤቱ ጓሮ፣ ድሮ የተሰበረ ወንበር ይታጎርበት የነበረ ክፍል ውስጥ ነው። ታክሲ ነጂው ገባ፤ ጋሽ ነገ በሩ ላይ ቀረ። ስምንት ልጆች ሁለት ጠረጴዛ ከበዋል። አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ ይተክላል፤ አንዷ ምላሷን አውጥታ መርፌ ላይ ክር ታስገባለች። ከፊት፣ ደብተር ዘርግታ ወረፋ የምታስይዘው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የገዛ ልጁ!

የሒሳብ አስተማሪው፣ ገና ጢሙ ያልሞላ ጎረምሳ፣ ፈገግ ብሎ ቀረበው።

«ልጄን ነጋዴ ያደረግካት አንተ ነህ?»

«እንደምን ዋሉ ጋሼ። እኔ በሩን ከፍቼ መዝጋት ነው ሥራዬ፤ ሐሳቡ የነሱ ነው። አንድ ልጅ ኳስ ሲጫወት ሱሪው ከኋላ ተቀደደ፤ በቦርሳው ሸፍኖ ወደ ቤቱ ሮጠ፤ አፍሮ ሦስት ቀን ቀረ። ጓደኞቹ ‹ለምን እኛ አንሰፋለትም?› አሉ። ከዚያ የሁሉም ዩኒፎርም መጣ፤ ቀጥሎ የሰፈሩ ልብስ። ከሚያገኙት ክርና መርፌ ይገዛሉ፤ የተረፈው ደብተር ለሌላቸው ልጆች ነው።»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፤ ሰምተሃል?»

«ለራት ባይበቃም ለትምህርት ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት የአንድ ሰውዬን እጅጌ ከኪሱ ጋር አያይዘው ሰፉት። ሰውዬው ቢታገል፣ ቢታገል እጁ አልወጣ አለው።»

ጋሽ ነገ ሊያመልጠው የነበረውን ሳቅ ዋጠ።

«ልጆቹ ቤቱ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ፤ ፈትተው በነፃ አስተካከሉለት። ይሄንን እኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በምን አስተምራቸዋለሁ? ግማሽና ሩብ ዓመቱን ሙሉ ብለፈልፍ አልገባቸውም ነበር። ቀሚስ ሲቀመቅሙ በአንድ ቀን ገባቸው፤ የተሳሳተ ሰው ቀሚሱ ይጠመምበታላ።»

ጋሽ ነገ ወደ አስተማሪው ጠጋ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስማኝ ወንድሜ። ንግድ ምን እንደሚያስተምር ከኔ በላይ አታውቅም። ውሸት ነው የሚያስተምረው። ያቺን ልጅ በስድስት ዓመቷ ‹አባዬ የለም› ማለት ያስለመድኳት እኔ ነኝ፣ መጋረጃ ጀርባ ቆሜ። የማስተምራት እኔን እንዳትመስል ብዬ ነው። ቢሮ ገብታ፣ ማንንም ሳትዋሽ እንድትኖር ነው። አሁን ይዣት እሄዳለሁ፤ ሁለተኛ እዚህ ክፍል አትገባም።»

«ጋሼ፣ ቢሮ ሄደው ያውቃሉ?» አለ አስተማሪው። «እዚያም እኮ ‹ነገ ና› ነው የሚባለው።»

ከውስጥ የታክሲ ነጂው ድምፅ ተሰማ። ሱሪውን ስፒል ፊት ዘርግቶታል።

«ዚፑ ነው። ለነገ ይደርሳል?»

ስፒል ሱሪውን ገለባብጣ አየችው። «ዚፕ አንሠራም ጋሼ።»

«ትንሽ እኮ ናት።»

«ማሽን የለንማ። በእጅ ብንሰፋው፣ መሪ ይዘው ቁጭ ሲሉ ተሳፋሪ ፊት ይተረተርብዎታል።»

ልጆቹ ሳቁ። ጋሽ ነገ ዓይኑን ጨፈነ። እሱ በዕድሜው ደንበኛ መልሶ አያውቅም፤ አሁን ልጄን ይሰድብብኛል ብሎ ጠበቀ። ታክሲ ነጂው ግን ሱሪውን አጠፈና «ተባረኪ፤ ሳታመላልሺኝ ቁርጡን ነገርሽኝ» አለ። «ማን ጋ ልውሰደው ታዲያ?»

«ለዚፕ የአባቴን እጅ የሚያህል የለም።»

«እሱማ የታወቀ ነው። መቼ ይደርስልኛል?»

ስፒል አንገቷን ደፋች። «እሱን እንኳ እኔ አልነግርዎትም። እዚህ ቀን መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ መዋሸት ያሳፍረኛል።»

ጋሽ ነገ የበሩን መቃን ያዘ።

«ምን አድርገሃት ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔ ምንም። ወረቀቱ ነው» አለ አስተማሪው። «ሥራውንና የሚያልቅበትን ቀን ወረቀት ላይ ሁለት ቦታ ትጽፍና ግማሹን ቆርጣ ለባለቤቱ ትሰጠዋለች።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ቃል ቢሆን ይካድ ነበር።»

«የሚጠቅመው ለዚያ አይደል? ቀን ከመጻፏ በፊት ማን ምን እንደያዘ ዞራ ትጠይቃለች። የማይቻለውን አንችልም ትላለች። ጋሼ፣ ውሸቱን ያስተማራት ንግዱ አይደለም፤ እምቢ ማለት መፍራት ነው። ይሄን ፍርሃት በአሥራ ሦስት ዓመቷ ከጣለች ሱቅም ትክፈት፣ ሐኪምም ትሁን፣ ወይ እርስዎ እንዳሉት ቢሮ ትግባ፣ የትም አንገቷን ቀና አድርጋ ትሠራለች።»

ጋሽ ነገ ወደ ክፍሉ ዘለቀ። ስፒል ስታየው ደንግጣ ብድግ አለች። እሱ ግን ሱሪውን ከታክሲ ነጂው እጅ ተቀበለ።

«ቅዳሜ እሰጥሃለሁ። ልጄ፣ ጻፊለት።»

ስፒል አልጻፈችም። «አባዬ፣ ሱቅ ውስጥ ያልተነካ ስንት አለ?»

«ጥቂት ነው።»

ዓይን ዓይኑን አየችው።

«አርባ ሦስት» አለ ጋሽ ነገ፣ ወደ መሬት እያየ።

በጣቷ ቆጠረች፣ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። «ቅዳሜ አይሆንም። የሚመጣው ረቡዕ፣ ያውም አዲስ ሥራ ካልተቀበልክ።»

ታክሲ ነጂው ወረቀቱን አጥፎ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ከተተው። ረቡዕ ጠዋት መጣ፤ ዚፑ ተሰፍቶ፣ ሱሪው ተተኩሶ ጠበቀው። ማመን ስላቃተው ዚፑን ሰባት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ማሽን የሚፈልገውን ወደ ጋሽ ነገ ይልካሉ፤ እሱ የሸሚዝ ቁልፍና ቅምቅማት ወደ እነሱ ይልካል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሁለት እየሆኑ ማሽን ያስተምራቸዋል። ሱቁ ውስጥ አሁን ግድግዳው ይታያል፤ ቀለሙ አረንጓዴ መሆኑን እሱም ረስቶት ኖሯል። ሰፈሩ ልብሱን በቀኑ ይለብሳል፤ ልጆቹም ሰው የሚያምነው ቃል ማለት ራሱ ሀብት መሆኑን ገና ጢም ሳያወጡ አውቀውታል። ልጅ ቁጭ ብሎ ይማር የሚል ወላጅ ካለ፣ ይማር፤ የተማረውን የሚሞክርበት ጠረጴዛ ግን አይከልክሉት።

ባለፈው ጋሽ ነገ ራሱ አሥራ አንድ ሸሚዝ ተሸክሞ ወደ ክፍሉ ሄዶ ነበር። ስፒል ደብተሯን አየችና «እስከ ማክሰኞ ሞልቶብናል» አለችው።

«አባትሽ እኮ ነኝ።»

«አውቃለሁ አባዬ። ማክሰኞ።»

ሸሚዞቹን እንደታቀፈ ወጣ። አስተማሪውን ደጅ ሲያገኘው ፊቱ ሽልማት የተቀበለ ሰው ይመስል ነበር።

«እምቢ አለችኝ እኮ» አለው።