ጋሽ ሳንቲምን ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

ሃያ ስምንት ዓመት አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባለቤቴ ትቶልኝ የሄደውን ማተሚያ ቤት አስተዳድራለሁ። ማተሚያ ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁለት ክፍል፣ ቀኑን ሙሉ ስታስነጥስ የምትውል አንዲት ማሽን፣ የወረቀት መቁረጫ፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ ደንበኛ የሚያርፍባት አግዳሚ ወንበር፣ በቃ ይኸው ነው። እኔ ሰው ሳስተምር የኖርኩ ሴትዮ፣ በዚያች አግዳሚ ላይ በተደረገ ክርክር በስተርጅና ተማሪ ሆንኩ። ያፈርኩበትንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ነው። በመጀመሪያ ጋሽ ሳንቲም ጀርባው የተገነጠለ መዝገበ ቃላታቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ሊያስጠርዙ መጡ። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው የውሃ መሥሪያ ቤት ባልደረቦቻቸው ናቸው። የሂሳብ ሹም ሳሉ የዓመቱ ሂሳብ በአንድ ሳንቲም ጎደለባቸውና ሰዉ ሁሉ "ከኪሳችን እንሙላትና እንገላገል" ቢላቸው፣ "የጠፋችው ሳንቲሟ አይደለችም፣ መንገዷ ነው" ብለው ሦስት ቀን ፈልገው አገኟት። እኚህ ሰው ታዲያ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ከቤታቸው ወደ መናፈሻው፣ ከመናፈሻው ወደ ቤታቸው ነው። እንዲህ ያለ አእምሮ ለወፎች ዳቦ ሲቆርስ ብቻ መዋሉ ያንገበግበኝ ነበር።

መዝገበ ቃላቱን እያገላበጥኩ ሳለሁ የወጣቶች የጥናት ማዕከል አስተባባሪዋ ገባች። ማዕከሉ ከሰፈራችን ጀርባ ድሮ መጋዘን የነበረ ቤት ነው። ትምህርት አቋርጠው እንደገና የጀመሩ ሰባ ያህል ወጣቶች በነጻ ይማሩበታል። ይህች ልጅ ራሷ እዚያው ተምራ፣ ፈተናዋን አልፋ፣ ተመልሳ የምትሠራ ናት።

"እትዬ፣ ስድስት ጥራዝ ደረሰኝ ሊያትሙልኝ ይችላሉ?" አለችኝ።

"ለእናንተማ በነጻ ነው ልጄ።"

"ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! እንግዲያው ስጦታ መሆኑን ከነዋጋው በደብዳቤ ይጻፉልኝ።"

"ደግሞ በነጻ ለሰጠሁት ወረቀት!" ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ጋሽ ሳንቲም ግን ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው አዩዋት።

"ለነገሩ እስከ ወር መጨረሻ ቦርዳችን ገንዘብ ያዥ ካላገኘ ፈቃዳችን አይታደስም" አለች፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ። "የነበሩት ሰው ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ሦስት ሰው ለመንኩ፣ ሦስቱም እንቢ አሉኝ። ልጆቹ ፈተና ሊቀመጡ አራት ወር ቀርቷቸው በሩ ሊዘጋባቸው ነው።"

እኔ ጋሽ ሳንቲምን አየሁ። እሳቸው ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ማጥናት ጀመሩ። ልጅቷ ሞኝ አይደለችም፣ ገባት።

"ጋሼ፣ እርስዎ ማለት እኮ—"

"አይሆንም" አሉ ሳያስጨርሷት።

"ገና ምንም አላልኩም።"

"አስቀድሜ ልመልስልሽ ብዬ ነው። ደመወዝ አለው?"

"የለውም፣ በበጎ ፈቃድ ነው።"

"እንግዲያው ስሚኝ ልጄ። 'ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል' እያለ በሚተርት ሰው መካከል፣ ያለ ደመወዝ ገንዘብ የሚይዝ ወይ ሌባ ነው ወይ ጅል። ሌባ አይደለሁም። ጅል ደግሞ አንዴ ሆኜ አይቼዋለሁ።"

"መቼ ነው የሆኑት?" ብላ ጠየቀቻቸው። እኔ አንገቴን ደፋሁ፣ የሚናገሩትን አውቀዋለሁና።

ጋሽ ሳንቲም ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። "የሰፈራችን ቤት ሠሪዎች ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነበርኩ፣ ስምንት ዓመት። ገንዘቡ እኔ ቤት፣ ቁልፉ እኔ ኪስ፣ መዝገቡ እኔ እጅ። አንድም ቀን 'እስቲ አሳየን' ያለኝ የለም። ደረሰኝ ላወጣ እጄን ኪሴ ስከት 'ኧረ ጋሼ፣ ምነው! እርስዎን?' ይሉኛል። ክብር መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። ኋላ የጡረታ ገንዘቤ ወጣና አጥሬን በብሎኬት አሠራሁ። በሳምንቱ 'ከየት አምጥቶ ነው?' ተባለ። ሚስቴ ዳቦ ልትገዛ ሄዳ ሰምታው መጣች። ዳቦውን ሳትገዛ መጣች እኮ! ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፣ የኔ ግን እኔው ቆሜ እያየሁ ተቀበረ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ተይኝ ልጄ።"

ሌላዋ ብትሆን እዚህ ላይ "አይዞዎት" ብላ ትነሳ ነበር። ይህቺ ግን አግዳሚው ላይ ተንሸራታ ቀረበቻቸው። እግዜር ያሳያችሁ፣ የገዛ ልጃቸው እንኳ እንዲህ አትከራከራቸውም።

"ጋሼ፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ እርስዎን የጎዳዎት ሐሜቱ አይደለም።"

"ምንድን ነው ታዲያ?"

"አክብሮቱ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ቢጠይቁዎት ኖሮ ስምንት ዓመት ሙሉ ምስክር ይኖርዎት ነበር። አንድ ሰው 'ከየት አምጥቶ ነው?' ሲል፣ ሌላው 'ዝም በል፣ መዝገቡን በዓይኔ አይቻለሁ' ይለው ነበር። ያላየ ሰው ምን ብሎ ይመስክር?"

ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ የኔ ዝምታ ግን በዚያ ሰዓት ውስጤን ነቀዘኝ። አላስችል አለኝና ተናገርኩ።

"ጋሼ፣ በማኅበራችን የመጨረሻ ስብሰባ መዝገቡን ይዘው መጥተው ነበር።"

"መጥቼ ነበር።"

"'ሁሉም ይየው' ብለው ገለጡት። ያን ጊዜ 'እርስዎን አንጠራጠርም' ብላ በእጇ የከደነችው—"

"አንቺ ነሽ" አሉኝ። ሳይቆጡ ነው ያሉት፣ እሱ ባሰብኝ።

"እኔ ነኝ። ያከበርኩዎት መስሎኝ ነበር። ሐሜቱን ስሰማ ደግሞ ምን እንደምል ጠፋኝና ዝም አልኩ።" ፊቴ ነደደ። ሃያ ስምንት ዓመት ልጆችን "ያልገባህን ጠይቅ" እያልኩ ኖሬ፣ መጠየቅ በሚገባኝ ቀን መዝገብ የከደንኩ አስተማሪ ነኝ።

ልጅቷ አላሳፈረችኝም፣ ወደ ጉዳዩ መለሰችን። "የኛ ገንዘብ ያዥ ሣጥን አይጠብቅም፣ ጋሼ። ብሩ ባንክ ነው። ሁለት ሰው ካልፈረመ አይወጣም። እርስዎ ወጪውን ከደረሰኙ ጋር ያመሳክራሉ፣ ለቦርዱ ያስረዳሉ። የወሩ ሂሳብ በራችን ላይ ይለጠፋል። በዓመቱ ደግሞ ከውጭ የመጣ ኦዲተር የሁላችንንም ይመረምራል። አይተዋል፣ እትዬ በነጻ የሰጡንን ወረቀት እንኳ አስጽፋለሁ። አንድ ቀን 'ደረሰኙን ከየት አሳተመችው?' ቢባል መልስ አለኝ።"

"አፍሽ ጥሩ ነው" አሉ ጋሽ ሳንቲም። "ግን እስቲ ልጠይቅሽ። እኔን፣ በሰው ፊት፣ 'ደረሰኝዎን ያሳዩ' ትይኛለሽ?"

"እልዎታለሁ።"

"እናያለን። አንድ ጊዜ ካላልሽኝ በዚያው ዕለት እወጣለሁ" አሉና ቆባቸውን አጠለቁ። መዝገበ ቃላቱን ረስተውት ሄዱ፣ ኋላ እኔው አደረስኩላቸው።

በአሥረኛው ቀን የመጀመሪያው ስብሰባ ሆነ። እኔም የቦርድ አባል ሁኚ ተብዬ፣ እፍረቴን ይዤ ገባሁ። አምስት የቦርድ አባላት፣ ሁለት የተማሪዎች ተወካዮች፣ አስተባባሪዋና እኛ ሁለት አዲሶች በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ጋሽ ሳንቲም የካርቶን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። "የመማሪያ ክፍሉ አምፖል ተቃጥሏል ብትሉኝ ሁለት ገዝቼ መጣሁ" አሉና ዋጋውን ተናገሩ።

"እግዜር ይስጥልን!" አሉ ሰብሳቢው፣ ባለ ፋርማሲው። "ወደሚቀጥለው ጉዳይ እንለፍ።"

ጋሽ ሳንቲም አልተቀመጡም። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ልጅቷን አዩ። እሷ ደብተሯ ላይ አቀርቅራለች፣ እስክሪብቶዋ አይንቀሳቀስም። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ለካ ማውራትና ማድረግ ለየቅል ናቸው! እኚያን ሽበታም ሰውዬ፣ በራሷ ተማሪዎች ፊት፣ ለሁለት አምፖል? ጋሽ ሳንቲም ቀስ ብለው ባዶ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ቆባቸውን አነሱ።

"ጋሼ!" ብላ ብድግ አለች። "ይቅርታ ያድርጉልኝ... የአምፖሉን ደረሰኝ ያሳዩን።"

"ምን ነካሽ አንቺ ልጅ!" አሉ ሰብሳቢው። "ጋሽ ሳንቲምን? ነውር አይደለም እንዴ?"

"ተዋት!" አሉ ጋሽ ሳንቲም። ደረሰኙን አውጥተው፣ በመዳፋቸው አስተካክለው፣ ፊቷ አኖሩላት። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። "ነውሩ እኔ ይህን ሳልጠየቅ ስምንት ዓመት መኖሬ ነው። አንብቢው ልጄ። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው።"

አነበበችው። አንዱ ተማሪ ደግሞ ተቀብሎ ዋጋውን በስልኩ ደመረና "ልክ ነው" አለ። ጋሽ ሳንቲም ያኔ ተቀመጡ።

የተገኘውን ጥቅም ልንገራችሁ፣ ምክር ያለ ፍሬ ባዶ ጩኸት ነውና። ፈቃዱ ታደሰ። የወሩ ሂሳብ በሩ ላይ ተለጠፈ። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያነበዋል። "የናንተን ገንዘብ ማን እንደሚበላው አይታወቅም" ይል የነበረው ባለ ዳቦ ቤት፣ አንብቦ ሲያበቃ የስድስት ልጆችን መጻሕፍት ገዛ። ተማሪዎቹም ጋሽ ሳንቲም ላይ ተጣብቀው ሂሳብ ይማራሉ። እሳቸውም መናፈሻውን ረስተውታል፣ ሚስታቸው "ጎረምሳ ሆኖብኛል" ትላለች። እናንተም ዕውቀት ይዛችሁ ቤት የተቀመጣችሁ፣ "ስሜ ይጠፋል" ብላችሁ አትሽሹ። ግቡና ጠይቁኝ በሉ። የምታከብሩትንም ሰው ጠይቁት፣ ነገ ስትመሰክሩለት አፋችሁ እንዲሞላ።

ለእኔ ግን አንድ ዕዳ ቀርቶብኝ ነበር። አንድ እሑድ የቀድሞውን ማኅበር ሦስት አባላት ይዤ ጋሽ ሳንቲም ቤት ሄድኩ።

"ያንን መዝገብ ያሳዩን" አልኳቸው።

ከቁም ሣጥን ውስጥ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ አወጡት። ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ተጠቅልሎ ነው የኖረው። የከደነው እጄ ገለጠው። ገጽ በገጽ፣ ደረሰኝ በደረሰኝ እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ስናመሳክር፣ ሚስታቸው በሩ ላይ እንደ ቆመች አልተቀመጠችም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስንደርስ አንዲት ሳንቲም እንኳ አልጎደለችም። ሦስቱ ሰዎች ተነሥተው ይቅርታ ጠየቋት፣ እሷን።

ጋሽ ሳንቲም ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ሰጡኝ።

"እንግዲያው ፈርሚበት" አሉኝ።

ፈረምኩ።