ከማዶ የተሰቀለው መቀስ

ልብስ ሰፊዋ ደረጃ ስትወጣ ሁልጊዜ እኩሌታው ላይ ቆማ በመስኮት ታያለች። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤት ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ነው፤ እሷ ግን ጉልበቷን እያሳረፈች መሆኑ እንዳይታወቅባት አጥብቃ ታየዋለች። አንድ ቀን እዚያው ቆማ ሳለ የታች ቤት ልጅ፣ ሐኪም ቤት የታማሚ ወገብና ጉልበት የምታፍታታው ወጣት፣ ደረሰችባት።

«እትዬ፣ ያ ጣሪያ ዛሬም አለ?»

«አለ። የት ይሄዳል ብለሽ ነው?»

«እኔስ የጉልበትዎ ነገር ነው ያሳሰበኝ።»

«እርጅና ነዋ፤ ለእርጅና ምን መድኃኒት አለው? ሠላሳ ዓመት ከበርጩማዬ ሳልነሳ የሰፋሁ ሴት ነኝ። ልብሱ ሳያልቅ የሚነሳ ሰነፍ ነው፤ ልጄንም ያስተማርኳት ይህንኑ ነው።»

«የስፌት መኪናዎን ዘይት የሚቀቡት ከተሰበረ በኋላ ነው?»

«ምን በወጣኝ። በየሳምንቱ እቀባዋለሁ።»

«የመገጣጠሚያም ዘይቱ መንቀሳቀስ ነው። ጡንቻም ካልሠራ ይሟሽሻል። አጥንት ደግሞ እንደ ጎተራ ነው፤ በልጅነት በወተቱ፣ በፀሐዩ፣ በሩጫው ካልሞላ በስተርጅና የሚዘገን አይገኝም።»

«የእኔ ጎተራ እንግዲህ ለአይጥም የሚተርፍ የለው።»

«ያለውን መጠበቅ ይቻላል፣ እትዬ።»

እየተከራከሩ ቤት ገቡ። የሰፊዋ ልጅ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዝቅተኛው በርጩማ ላይ ጎብጣ ትሰፋለች። እንግዳ አይታ ልትነሳ የመኪናውን ጠረጴዛ በሁለት እጇ ጨበጠች፤ «እህ» አለችና ወገቧን ደግፋ ቀና አለች።

ሰፊዋ ልጇን አየቻት። አነሳሱ የራሷ የእናትየዋ ነው፤ እህታው ሳይቀር።

«ቁርጥ እናቷን ይሉኛል» አለች ሰፊዋ። «ወገብም በዘር ይወረሳል እንዴ?»

«አንዳንዱ ይወረሳል። ይኼኛው ግን በበርጩማ የተወረሰ ነው።»

«ታዲያ ልብስ በቁም አይሰፋም።»

«በርጩማው ከፍ ይበል፤ እግር መሬት ይርገጥ፤ ጀርባ ይደገፍ። የጨርቅ ጣቃ ስታነሱ ጉልበታችሁን እጠፉ እንጂ ከወገብ አትጎንበሱ። ደግሞ ቶሎ ቶሎ ተነሡ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

«መነሳቱን እረሳዋለሁ» አለች ሰፊዋ። ወዲያው መቀሱን ከመኪናው አጠገብ አንስታ ከማዶው ግድግዳ ምስማር ላይ ሰቀለችው። «ክር የሚቆርጥ ይነሳ።»

«እማዬ፣ በቀን መቶ ጊዜ እኮ ነው!»

«መቶ ጊዜ ትነሻለሽ።»

በርጩማውም ተለወጠ፤ ማታ ማታም እናትና ልጅ በእግር መሄድ ጀመሩ። ሥራው አልቀነሰም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ልጅቱ ስትነሳ እጇ ጠረጴዛ መፈለጉን ተወ። የሰፊዋ ጉልበት እንደ ልጅነቷ አልሆነም፤ ያለቀ ነገር አይመለስም። አንድ ቀን ግን ቤቷ በር ላይ ደርሳ ቁልፏን ስታወጣ፣ ያንን ጣሪያ ሳታየው ማለፏ ትዝ አላት።