ክዳኑ የተከፈተ ሻንጣ

አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው የያዘው ዕቃ አስፈርቷችሁ ያውቃል? በሚኒባስ ከኮኪት ወደ መተማ ስንሄድ አንዲት ወጣት ክዳኑ ገርበብ ብሎ ሽቦ የሚታይበት የብረት ሻንጣ ጭኗ ላይ ይዛ ነበር። አጠገቧ የተቀመጡት አዛውንት ገበሬ ጠየቋት።

«ልጄ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ኮምፒውተር ነው አባቴ። ራሴ ነኝ የሠራሁት።»

«ይህች ባትሪ የአረም መድኃኒት መርጫው ላይ ያለችው አይደለችም?»

«ናት። መብራት ሲጠፋ እሷ ታሠራዋለች።»

«ኬላ ላይ ፈንጂ ነው ብለው ይቀሙሻል። በነጠላሽ ሸፍኚው።»

«ከሸፈንሁትማ ፈንጂ ይመስላል።»

«እንግዲያስ ከወንበር ሥር ደብቂው።»

«ሁለት ክረምት የለፋሁበትን አልደብቅም።»

«እኛንም ታስወርጂናለሽ እኮ» አለ ከኋላ አንድ ነጋዴ።

«ከወረድንማ አንተንም አሠራሩን አስተምርሃለሁ።»

ክዳኑን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ኬላው ላይ ፈታሹ በመስኮት አጎነበሰ።

«ምንድን ነው?»

«ኮምፒውተር።»

«ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«እስኪ አብሪው።»

ስክሪኑ በራ። ፈታሹ ትንሽ አየውና ለሾፌሩ እጁን አወዛወዘ።

«በይ አሁን ዝጊው» አሉ አዛውንቱ።

«አልዘጋም። መተማም ይየው።»

እኔም ለተማሪዎቼ ከቆርቆሮ የሠራሁትን ሚዛን አፍሬ ከደበቅሁበት ከወንበር ሥር አውጥቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥሁ፤ እናንተም የእጃችሁን ሥራ አንድ ቀን እንዲህ ይዛችሁ ተሳፈሩ።