ሱሪ የማይቀድ ሸርተቴ

የግቢዬ በር ማጠፊያ ስለ ተገነጠለ ላስበይደው ይዤው ወጣሁ። በያጁ ሱቅ ደጃፍ ስደርስ ግን ከውስጥ የሚሰማው የብየዳ ሳይሆን የክርክር ድምፅ ነበር። ክርክር ሰምቶ ማለፍ ደግሞ የጡረተኛ መምህር ተፈጥሮ አይደለምና ገባሁ።

በያጁን ሰፈሩ «ጋሽ ውሃ ልክ» ይላቸዋል። አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «ልክ ነው» ካሉ በኋላ መለኪያ ማውጣት እንደ ስድብ ይቆጠራል። ባለፈው ለመዋዕለ ሕፃናቱ የሠሩት ሸርተቴ ግን አዋርዷቸዋል። ኩርባውና ቀጥታው ላሜራ በተገናኙበት ቦታ ስብራት ስለ ነበረው፣ ልጁ ሁሉ እዚያ ሲደርስ ይነጥርና ሱሪው ይቀደዳል። እናቶች የተቀደደ ሱሪ እያንጠለጠሉ ሱቁን ሞሉት። ርእሰ መምህርቷ ሸርተቴውን መልሰው አንድ የመጨረሻ ዕድል ሰጧቸው፤ እሳቸውም «ይህኛውም ከተመለሰ ታፔላዬን አወርዳለሁ» ብለው ማሉ።

አሁን የላይኛው ኩርባ አልቋል። የነደፈችው ምህንድስና የምትማረው የወንድማቸው ልጅ ናት። የቀረው ቀጥታውን ላሜራ መበየድ ብቻ ነው።

«አጎቴ፣ በዓይን አይሁን» ትላለች ልጅት በትሕትና። «ኩርባው ጫፉ ላይ ወዴት እያመራ እንደ ሆነ እናስላና ላሜራው በዚያው አቅጣጫ ይቀጥል። ይህ መስመር ታንጀንት ይባላል።»

«ልጄ፣ እኔ ብረት ስቀጠቅጥ አባትሽ ገና ዳዴ ይል ነበር። ደግሞስ ሕፃን በቂጡ ይንሸራተታል እንጂ በስሌት ይንሸራተታል እንዴ?»

ልጅት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወለሉ ላይ በጠመኔ ጻፈች። «ከመነሻው ያለውን አግድም ርቀት በራሱ ያባዙና አራት ይደምሩ። ስምንትን ለዚያ ሲያካፍሉ የኩርባው ከፍታ ይወጣል። ጫፉ ሁለት ሜትር ላይ ነው፤ የክፍልፋዩ ታች ስምንት ይሆናል፤ ስምንት ለስምንት፣ አንድ ሜትር ከፍታ።»

«እሺ፣ አቅጣጫውን እኔው ላስላው» አሉ፤ እልኽ ይዟቸዋል። «እኔ ሁልጊዜ የላዩን ለብቻ፣ የታቹን ለብቻ ሠርቼ ነው የማገጣጥመው። የላዩ ስምንት ስለማይለወጥ ለውጡ ዜሮ። የታቹስ ለውጥ?»

«የርቀቱ እጥፍ፤ እዚህ ጋ አራት።»

«ዜሮ ለአራት፣ ዜሮ! በቃ፣ ላሜራው ሳያዘነብል ይሄዳል።»

«እንደሱ ከሆነማ ልጁ አንድ ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ምሳውን እዚያው እናቀብለው?»

ሳቄ አመለጠኝ። ጋሽ ውሃ ልክ ገላመጡኝና «መምህር፣ ማጠፊያዎን ያስቀምጡና ዝም ይበሉ» አሉኝ። እውነት ለመናገር፣ ከእሳቸው ይልቅ ለታፔላው አዘንኩ።

«አጎቴ፣ ስምንት ዳቦ ለስምንት ሰው ቀረበ እንበል። ዳቦው ሳይጨምር እንግዳ ቢገባስ?»

የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። «የሚስቴ ዘመዶች!» አሉ። «ዳቦው ያው ነው፤ ድርሻዬ ግን ይቀንሳል!»

«የማካፈል ሕግም የሚለው ይህንኑ ነው። የታቹን በላዩ ለውጥ ያባዙ፤ ከዚያ ላይ የላዩን በታቹ ለውጥ አባዝተው ይቀንሱ፤ የቀረውን ለታቹ ስኩዌር ያካፍሉ።»

ጋሽ ውሃ ልክ ቁጢጥ ብለው ጠመኔውን ተቀበሏት። «ስምንት በዜሮ፣ ዜሮ። ስምንት በአራት፣ ሠላሳ ሁለት፤ እሱ ይቀነሳል። ለስልሳ አራት ሲካፈል... ኔጌቲቭ ግማሽ!»

«ስለዚህ አንድ ሜትር በሄደ ቁጥር ግማሽ ሜትር ይወርዳል። ሁለት ሜትር ላይ ከፍታው አንድ ስለ ሆነ የመስመሩ እኩልታ፣ ከፍታ እኩል ነው ሁለት ሲቀነስ የርቀቱ ግማሽ።»

«ታዲያ አራት ሜትር ላይ መሬት ይነካላ!» ብለው ዘለው ተነሡ። ማጠፊያዬን እንደያዝኩ ረሱኝና መበየድ ጀመሩ።

ሸርተቴው በተተከለ ዕለት ርእሰ መምህርቷ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። «የሠራው ይቅደም» አሉ ኮስተር ብለው። ጋሽ ውሃ ልክ ዓይናቸውን ጨፍነው ተንሸራተቱ። መገጣጠሚያው ላይ ምንም አልነጠሩም። መሬት ሲደርሱ የሱሪያቸውን መቀመጫ በሁለት እጃቸው ዳበሱ፤ ደህና ነው።

«ሱሪ ተረፈ፣ ላሜራ አልባከነም፣ ታፔላዬም አይወርድም!» ብለው ጮኹ። «ከእንግዲህ ዓይኔ ያያል፣ ስሌት ይፈርዳል።»

«እንግዲህ አመኑ፣ አጎቴ?» አለች ልጅት።

«ገና ነኝ፤ አንዴ ልድገመው» ብለው ወደ መሰላሉ ሮጡ።

ሕፃናቱ ግን «ተራ! ተራ!» ብለው አንባረቁባቸው። ጋሽ ውሃ ልክም ሽበታቸውን ይዘው ከሕፃናቱ ኋላ ተሰለፉ።