ያልወጣኝ አሜን

በመንደራችን በላንቴ ስለ ጎርፍ መከላከያ እንድንመክር ቀበሌው ሰበሰበን። እንደ ወጋችን አንድ ሽማግሌ ምርቃት ጀመሩ። «ዝናቡን ያብዛልን» ሲሉ ሰዉ ሁሉ አሜን አለ፤ እኔ ዝም አልኩ። ዓይናቸው አላለፈኝም። «ልጄ፣ አሜን አላልሽም?» አሉኝ። «አባባ፣ ያለፈው ጎርፍ ሙዜን ከነሥሩ ነቅሎ አባያ ሐይቅ ከቶብኛል። ዝናብ ይብዛ ሲባል አሜን አልልም።»

ሰዉ አጉረመረመ። ምርቃት ማቋረጥ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አላፈርኩም። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና እጃቸውን እንደገና ዘረጉ። «ዝናቡን ያብዛልን፤ የውሃውን መውረጃ የምንቆፍርበትን ጉልበትም ይስጠን።» የኔ አሜን ከሁሉም በላይ ተሰማ። «በሉ፣ አሜን ያላችሁ ሁሉ ነገ አካፋ ይዛችሁ ኑ» አሉና ተቀመጡ። በማግስቱ ማንም አይቀድመኝም ብዬ ገስግሼ ስሄድ፣ ሽማግሌው አካፋቸውን ተደግፈው ጠበቁኝ።